የጉያቱ ሦስት ሥዕሎች

መምህር ወንዶሰን ነገሌ ቦረና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሥዕል ያስተምር ነበር። ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቹ ሥራቸውን ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ፤ ሌሎቹ ይተቻሉ። የሳለው ሰው ትችቱ እስኪያልቅ አይናገርም። «ሥዕሉ ራሱ ካልተናገረ የእናንተ ማብራሪያ አያድነውም» ይላቸው ነበር።

ከእረፍት ሲመለሱ ጉያቱ ሦስት የእርሳስ ሥዕሎች ለጠፈች። የሳለችው ታላቅ ወንድሟ ጃርሶ ሻኪሶ አጠገብ ወርቅ የሚቆፍርበትን ጉድጓድ ነው። ሦስቱንም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ነበር የሳለቻቸው፤ ይህንንም ከየሥዕሉ ሥር ጽፋዋለች።

ሙኒራ የጥላውን አጣጣል አደነቀች። ሀምዛ ግን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና «መምህር፣ ይቺ ስንጥቅ…» ሲል ወንዶሰን ከአፉ ነጠቀው።

«ጎበዝ! እኔም እሷን ልል ነበር። የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ያለችው ስንጥቅ ሰኞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት፤ ቅዳሜ ክንድ ታስገባለች። የአፈሩ ግድግዳም ወደ ውስጥ አዘንብሏል። አንድ ቦታ ተቀምጦ አንድ ነገር የሚስል ሰው እንዲህ አይለያይበትም። ጉያቱ፣ በዓይንሽ ሳይሆን በፍርሃትሽ ነው የሳልሽው።»

ክፍሉ ሳቀ። የመናገር ተራዋ ሲደርስ ጉያቱ «እሺ መምህር» ብቻ አለች።

ሀምዛ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረ። «መምህር፣ አባቴ ቆፋሪ ነበር። መሬቱ እውነት እየተከፈተ ቢሆንስ?»

«እኛ የምናወራው ስለ ሥዕል ነው» አለው ወንዶሰን።

ነገሩ ግን አልለቀቀውም። ቅዳሜን እንደከበደው ዋለ። እሑድ ጠዋት ጉያቱ ወደተከራየችበት ቤት ሄደ።

«ስንጥቋ በእርግጥ ትሰፋ ነበር?»

«አዎ መምህር፣ ያየሁትን ነው የሳልኩት። ለጃርሶም ሳሳየው ፈርቶ መውረድ አቁሞ ነበር።»

«ተመስገን! አሁንም እንዳይወርድ ንገሪው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ዓርብ ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩለት። መምህሬ ተሳስተሻል አለኝ አልኩት። ‹ሳምንት ሙሉ በከንቱ ሥራ አስፈታሽኝ፤ ነገ እወርዳለሁ› ብሎ ሳቀብኝ።»

እዚያው ቆመው ደወሉ። አይነሳም። ደግመው ደወሉ። በሦስተኛው የማታውቀው ሰው አነሳና በኦሮምኛ አጭር ነገር ተናገረ። ጉያቱ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ጃርሶንና ሁለት ጓደኞቹን ከአፈሩ ሥር ያወጧቸው ሰኞ ነው። ወንዶሰን ለቅሶ ሄዶ ያደረገውን ሁሉ ለአባቷ ተናገረ። ሽማግሌው «ልጄ ያየችውን ታውቅ ነበር። እንዳላየች ያሳመንካት አንተ ነህ» አሉት።

ሲመለስ በቁፋሮው በኩል አለፈ። ከተናደው ጉድጓድ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ አዲስ እየተቆፈረ ነበር። አፋፉ ላይ ቆሞ «ውጡ! ይናዳል!» ብሎ ጮኸ።

ከታች አንዱ ቀና ብሎ አየው። «አንተ ደግሞ ማነህ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ ዶማውን አነሳ።