እርስዎን ነው

«እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለች የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ።

ልብስ ሰፊዋ ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞረች። ማንም አልገባም። ቢሮው ውስጥ ያሉት ባሏ፣ የቢሮው ኃላፊ፣ ይህች ወጣት ባለሙያና እሷ ብቻ ናቸው።

«እርስዎን ነው» አለች ወጣቷ ፈገግ ብላ።

ከተጋቡ ጀምሮ ባሏን «እርስዎ» ትላለች፤ እሷን ግን እንዲህ ብሎ የጠራት ሰው የለም። ኃላፊውም ቢሆን ከገቡ ጀምሮ ባልየውን «እርስዎ»፣ እሷን «አንቺ» ሲል ነው የቆየው። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አፉ ለምዶ ነው። ልማድ ደግሞ ከክፋት ይብሳል፤ ክፋት አንዳንዴ እንኳ ያፍራል።

«ልጄ፣ ነገር አታካብጂ» አለ ኃላፊው ወጣቷን። «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል። አንቺም እህቴ፣ ቻል አድርጊው። ቁልፉ ለጊዜው እሳቸው ጋ ይቆይ፤ ስትስማሙ ይሰጡሻል።»

ነገሩ ሁሉ ይኸው ቁልፍ ነው። «ሴት የራሷ ገበያ ሲኖራት ባሏን ትንቃለች» ብሎ ባሏ የስፌት ሱቋን ቆልፎባታል። የሰው ልብስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ውስጥ ቀርቷል።

«ቻል አድርጊው የሚባል ምክር እኔ ፊት አይሰጥም፣ ጋሼ» አለች ባለሙያዋ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ምክር ታውቀዋለች። እናቷም አማቷም መክረዋታል፤ አሁን ደግሞ ቢሮ ድረስ ተከትሏት መጣ።

«የስፌት ማሽኑን የገዛሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቤቱም የሚተዳደረው በሱቁ ገቢ ነው። ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም። ቁልፌን እፈልጋለሁ።»

«ሰምተዋል» አለች ባለሙያዋ ለባልየው። «ለእሳቸው ይመልሱላቸው።»

«ለእሳቸው?» ባልየው ከት ብሎ ሳቀ። «ነገ ደግሞ ስትገባ ብድግ በልላት ልትሉኝ ነው!» ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ወለሉ ላይ ወረወረው። «ይኸው፣ ያንሱት እንግዲህ እሳቸው!»

ቁልፉ እግሯ ሥር ወደቀ። ኃላፊው እፎይ አለ።

«በቃ፣ አንሺውና ነገሩ ይለቅ።»

ጎንበስ ማለት ጀምራ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ እሱ የጣለውን ስታነሳ ነው የኖረችው፤ ካልሲውን፣ ፎጣውን፣ ሰው ፊት የጣለውን ነገር ሁሉ። ወጣቷ አላገዘቻትም። ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች።

«አንተ» አለችው ባሏን። «አንሳና በእጄ ስጠኝ።»

ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እሷ እጇን ዘርግታ ቆመች።