ጥይቱ የት ወደቀ?

«ወንድሜን! ወንድሜን እንደ ድመት በዝምታ ቀበራችሁት!»

አስፋው የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የገባው ይህን እየጮኸ ነው። አሥራ ሁለት የወለንጪቲ ገበሬዎች፣ አሥራ ሁለቱም ጠመንጃ አንግተው፣ እያለቀሱ ተከተሉት። ለቀስተኛው ግማሹ ሊያቅፋቸው ተነሣ፤ ግማሹ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ እያየ ወደ ጥግ ሸሸ። የሟች ሚስት ሸዋወርቅ ከፍራሹ ሳትነሣ፣ የባሏን ታላቅ ወንድም እንባ እንኳ ሳታይ፣ ጠመንጃውን ቆጠረች። ከአስፋው ምንሽር ጋር አሥራ ሦስት። «በቃ፣ ጉዴ ፈላ!» አለች በሆዷ።

ኃይለየሱስ የተቀበረው ትናንት እሑድ ነው። መርዶው ወለንጪቲ ቅዳሜ ጧት ደርሷል፤ ሰው በጋሪ እንኳ ቢነሣ ለቀብሩ ይደርስ ነበር። አስፋው ግን «ወንድሜን በባዶ እጄ አልቀብርም» ብሎ ከመንደር መንደር ባለጠመንጃ ሲለቅም ቀብሩ አመለጠው። ከቀብር የቀረ ታላቅ ወንድም ደግሞ በሣልስቱ መካስ አለበት። ካሣውም የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ፉከራ፣ ከፉከራው በኋላ ተኩስ።

«ነገ በሣልስቱ» አለ አስፋው ደረቱን እየደቃ፣ «ወንድሜ ማን እንደነበረ ናዝሬት ትሰማለች!»

ወንድሙ ማን እንደነበረ እሱ ራሱ ቢሰማ ኖሮ ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ በመጣ።

ኃይለየሱስ ድሬሰር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የናዝሬትን ቁስል አጥቧል። አንድ አመል ነበረው፤ በጥይት የተመታ ሰው ሲመጣለት እያሰረ ይጠይቀዋል። «የተተኮሰው ለምንድን ነው? ለጠብ ነው? ለሰርግ? ለለቅሶ? ወይስ ጠመንጃ ሲወለወል?» መልሱን ራሱ ባዘጋጀው፣ በካርቦን ባባዛው ቅጽ ላይ ይሞላዋል። የቅጹ መጨረሻ ጥያቄ «ጥይቱ የት ወደቀ?» የሚል ነው። ይህ አልበቃው ብሎ በዕረፍቱ ቀን መሰላል ተውሶ የሰው ቆርቆሮ ላይ እየወጣ የጥይት ቀዳዳ ይቆጥራል። «የሰው ባል እሑድ ማኅበር ይጠጣል፤ የኔው እንደ ድመት ጣራ ላይ ይውላል» ትል ነበር ሸዋወርቅ።

አንድ እሑድ ጎረቤታቸው ከሪማ ሌባ መስሏት መሰላሉን ነጥቃ ገባች። ሰውየው እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቀዳዳውን ቆጥሮ ጨረሰ። ከሪማ አፍራ መሰላሉን ስትመልስለት አመስግኖ ወረደና፣ «በነገራችን ላይ ከአልጋሽ በላይ ያለችው ቀዳዳ የባለ ወፍጮው ልጅ ሰርግ ናት» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሪማ የሥራው ደጋፊ ሆነች።

አሥራ አንድ ዓመት ቆጥሮ የደረሰበት ነገር ይህ ነው፤ ከስድሳ አራት ቁስለኛ በጠብ የተመቱት ሰባት ብቻ ናቸው። የቀሩት በደስታና በሐዘን ነው የቆሰሉት። «አየሽ ሸዋ» ይላታል፣ «እዚህ አገር ሰውን የሚጨርሰው ጠላት አይደለም፤ ሰርገኛ ነው።» ስለዚህ ጻፈ። ጠመንጃ ይዞ ሰርግ ወይም ለቅሶ የሚመጣ ሁሉ ጥይቱን ለእድሩ ዳኛ አስረክቦ ይግባ፤ ሲወጣ ይውሰድ። ልመናው ይኸው ብቻ ነው። ለቀበሌ ጻፈ፤ ቀበሌው ለከፍተኛ መራው፤ ከፍተኛው ለአውራጃ፤ አውራጃው «ለሚመለከተው» ብሎ ለቀበሌ መለሰው። በስድስት ዓመት ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፈ። ማኅተም በማኅተም ሆኖ ተመለሰለት እንጂ ቃል አልተመለሰለትም።

ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጇን ያዘ። «በኔ ለቅሶ አንዲት ጥይት እንዳትተኮስ። ከተተኮሰች ዕድሜዬን ሙሉ የለፋሁት ውኃ በላው ማለት ነው። ማርያምን በይ።»

«ማርያምን» አለች ሸዋወርቅ።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ የሚያለቅሱትን አሥራ ሦስት ጠመንጃዎች እያየች እሷ ማልቀስ አልቻለችም። ዘበኛ እንዴት ያለቅሳል?

«ጋሼ አስፋው» አለች፣ ንፍሮ አቅርባለት፣ «ኃይሌ ተኩስ አይወድም ነበር።»

«ትሑት ስለሆነ ነው! ክብር አይወድም ነበር። እኛ ነን የምናከብረው።»

«ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ሰፈሩ ሰው ነው...»

«ወደ ላይ ነው የምንተኩሰው፣ እህቴ። ወደ ላይ ምን ሰው አለ?»

ከሪማ ጓዳ ድረስ ተከትላ ገባችና ሰሐኑን እያጠበች አንሾካሾከች። «ይኼ ሰውዬ በምንም አይመለስም። የምትይው ነገር የለሽም?»

«አለኝ» አለች ሸዋወርቅ። «አንድ ቃል ብነግረው ጠመንጃውን ወንዝ ይጥለዋል። ግን ያንንም እንዳልናገር ምያለሁ።»

«ያ ረቢ! ስንት መሐላ ነው ያስገባሽ ሰውዬው?»

ነገሩ የሃያ አራት ዓመት ነገር ነው። ጥር ፲፱፻፶፣ ወለንጪቲ፣ የኃይለየሱስና የሸዋወርቅ ሰርግ። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሲስም አስፋው በደስታ ሰክሮ የአባቱን ምንሽር ወደ ሰማይ ለቀቀው። ትንሽ ቆይቶ ሙሽራው «ዋይ!» አለ። ጥይቷ ከሰማይ ተመልሳ ካገኘችው ገላ ሁሉ ከፍ ብሎ የጠበቃት መቀመጫው ነበር። እልልታው መሃል ማንም አላየም። ሸዋወርቅ ሚስት ሆና የመጀመሪያ ሥራዋ በጉጠት ጥይት ማውጣት ሆነ፤ እሱ በሆዱ ተኝቶ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» እያለ ይመራታል።

ለወንድሙ «በቅሎ ረገጠችኝ» አለው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ኃይለየሱስን ያሳደገው፣ እሱ ሳይማር ያስተማረው አስፋው ነው። «ካወቀ ይሞትብኛል» ብሎ ሙሽራይቱን አስማላት። አስፋው ተናዶ ያችን በቅሎ በማግስቱ ገበያ አውጥቶ በማይረባ ዋጋ ሸጣት። ኃይለየሱስ ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን በአንድ ጎኑ እየተቀመጠ ኖረ፤ አስፋው ባየው ቁጥር በቅሎዋን ይራገማል።

«እና አትነግሪውም?» አለች ከሪማ፣ ሳቋን በሰሐን ማጠቢያው ጨርቅ አፍና።

«ባሌ ሃያ አራት ዓመት የሸሸገውን እኔ በሦስተኛው ቀን ላውጣው?»

ማክሰኞ ሣልስት ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ሰው ቁጭ ከማለቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ራህመቶ ስድስት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ ገባ። እነሱም ታጥቀዋል። ራህመቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ኃይለየሱስ በሕይወት ሳሉ ስለ ተኩስ ጉዳይ ለቀበሌያችን ዘጠኝ ጊዜ አመልክተዋል። ቀበሌው ጉዳዩን በጥሞና መርምሮ ጥያቄያቸውን ተቀብሏል! በስድስት ጠመንጃ የክብር ተኩስ እንዲደረግላቸው ተወስኗል።»

ሸዋወርቅ ይህን ልጅ ኩፍኝ ይዞት ኃይለየሱስ እየተሸከመ መርፌ ሲወጋው ታውቀዋለች።

«አንተ ራህመቶ፣ ደብዳቤውን አንብበኸዋል?»

«ርእሱን አንብቤዋለሁ፣ እትዬ ሸዋወርቅ። ዘጠኙንም ርእስ።»

«አሥራ ሦስትና ስድስት፣ አሥራ ዘጠኝ!» አለ አስፋው ፊቱ በርቶ። «ተነሡ!»

ሁሉም ብድግ አለ። የጠመንጃ መዝጊያ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማች። ያኔ ነው ሸዋወርቅ ሳታስበው የተናገረችው።

«ቆዩ! ቅጽ አልሞላችሁም።»

በዚያ ዘመን «ቅጽ» ከተባለ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም። ስኳርም በቅጽ ነው፣ ወደ ሻሸመኔ መሄድም በቅጽ ነው። አሥራ ዘጠኙም ቀጥ አሉ። ራህመቶማ ሳይሞላ የቀረ ቅጽ መኖሩ አስደንግጦት «አዎ፣ መጀመሪያ ቅጽ!» አለ። ሸዋወርቅ የኃይለየሱስን የወረቀት ሣጥን አስጎተተች፤ ከሪማም ቅጹን ታድል ጀመር። ገበሬዎቹ በመሠረተ ትምህርት ከተመረቁ ገና ዓመታቸው ነው፤ እርሳስ ሲሰጣቸው ደስ አላቸው። ሐዘናቸውን ረስተው ጠመንጃውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ምላሳቸውን አውጥተው መጻፍ ያዙ። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ቆመ።

«ጥይቱ የት ወደቀ? ገና መቼ ተኮስን?»

«ገምታችሁ ጻፉ» አለች ሸዋወርቅ።

«ወደ ላይ የሄደ ጥይት ሰማይ ይቀራል እንጂ ምን ይወርዳል» አለ አንዱ።

«የለም፣ እየጋለ ሄዶ እንደ ቅቤ ይቀልጣል» አለ ሌላው።

«ተዉ እንጂ» አለ ራህመቶ፣ «ነፋሱን አስቡት። ከዚህ የተተኮሰ የጎረቤት ቀበሌ ክልል ነው የሚወድቀው። እኛን አይመለከትም።»

«ወላሂ አልጋዬ ላይ ነው የሚወድቀው!» ከሪማ በእጇ የቀረውን እርሳስ ወረወረችው። «የባለ ወፍጮው ልጅ ሰርግ ጊዜ ትራሴን በስቶ ወጥቷል! ሰባት ልጅ የወለድኩበትን አልጋ ነው ጎረቤት ቀበሌ የምትለው?»

ይህን ያለች ጊዜ ድንኳኑ ተነሣ። አንድ ባለጋሪ የፈረሱ ጆሮ የተበሳው በማን ለቅሶ እንደሆነ ተናገረ። አንዲት አሮጊት ለጥምቀት በሠሩት ዶሮ ወጥ ውስጥ ጥይት ገብቶ የቄሱ ጥርስ ላይ እንደደረሰ መሰከሩ። ኃይለየሱስ አሥራ አንድ ዓመት አንድ በአንድ ሲለቅመው የኖረውን ነገር ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኸው ጀመር።

«ለኔስ ቅጽ የለም?» አለ አስፋው። እሱ ሳይደርሰው አልቆ ነበር። ታላቅ ወንድም ቅጽ ሲያልፈው ደስ አላለውም፤ ራሱ ሣጥኑ ውስጥ እጁን ሰዶ ከታች አንድ አሮጌ ወረቀት አወጣ። የተጻፈበት ነው። መሠረተ ትምህርት ላይ እንዳስተማሩት ድምፁን ከፍ አድርጎ ፊደል በፊደል አነበበው።

«ቁ-ጥር... አንድ። ጥር... ፲፱፻፶። ወለንጪቲ። የተተኮሰው... ለሰርግ። የቆሰለው... እኔው ራሴ።»

ሸዋወርቅ ባሏ ይህን መጻፉን አታውቅም ነበር። «ጋሼ፣ ይስጡኝ እሱን!» ብላ ዘለለች። አስፋው ወረቀቱን ከፍ አደረገ፤ ማንበብ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው አይደለም።

«ጥይቱ የት ወደቀ... መ-ቀ-መጫዬ ላይ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። አስፋውም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ የዘለለውን መስመር አነበበ።

«ተኳሹ ማን ነው... የሚወደኝ ሰው።»

ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ቀኑን እንደገና አነበበው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፤ አራቀው። ሸዋወርቅን አያት፤ እሷም አቀረቀረች።

«በቅሎዋስ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«በቅሎዋ የለችበትም፣ ጋሼ።»

አስፋው የምንሽሩን መዝጊያ ስቦ አምስቱን ጥይት አንድ በአንድ አወጣና ሄዶ የእድሩ ዳኛ እጅ ላይ አስቀመጠ። ገበሬዎቹ ተያዩ፤ ተነሥተው በሰልፍ እያወጡ አስረከቡ። አብዮት ጥበቃዎቹ ራህመቶን አዩት። ራህመቶ የሚመራለት የበላይ አካል ቢፈልግ አጣ፤ ላቡን ጠርጎ «ይፈጸም» አለ። ዘጠኝ ደብዳቤ ያላስፈጸመው ነገር በድንኳን ተፈጸመ።

ነገር ግን ወንድም ሳይፎክር አይወጣም። አስፋው ባዶውን ምንሽር ለአንዱ ገበሬ አስይዞ ድንኳኑ መሃል ገባ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የኃይሌ ወንድም!
ቁስል አጣቢው ወንድሜ፣ መርፌ ታጥቆ የዋለ፣
ሰው ሁሉ ገድሎ ሲፎክር፣ እሱ አድኖ ዝም አለ!»

እዚህ ላይ ነው ተኩሱ የሚገባው። አስፋው እጁን ወደ ሰማይ አነሣ፤ እጁ ላይ ምንም የለም። ጣቱን ቀሰረና በአፉ፣ ልክ ልጆች እንደሚጫወቱት፣ «ዷ!» አለ።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ አንዱ ገበሬ ጣቱን አነሣ። «ዷ!» ሌላው ቀጠለ። «ዷ! ዷ!» አሥራ ሁለቱም ተኮሱ። አብዮት ጥበቃዎቹ ተኮሱ። ራህመቶ መጨረሻ ላይ ተነሥቶ ኮቱን አስተካክሎ «ዷ!» ሲል ከሪማ አልቻለችም፤ ፈነዳች፤ ድንኳኑም አብሯት ፈነዳ፤ ሳቁ ከየት ጀምሮ ለቅሶ እንደሆነ የለየ ሰው የለም። አስፋው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃል።

ሸዋወርቅ ዙሪያዋን አየች። የቆሰለ ሰው የለም። ከእንግዲህ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ቀጭን እጇን ከጥቁር ነጠላዋ ውስጥ አወጣች፤ አንድ ጣቷን ወደ ድንኳኑ ጣራ ቀሰረች።

«ዷ» አለች ቀስ ብላ። «ኃይልዬ።»

ከዚያ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች።