ያልነካው እጅ

በቴፒ የአንድ ቡና አምራቾች ማኅበር ንብረት ክፍል ኃላፊ የሆነው አሞጽ፣ ሚዛን ከተማ ለሚካሄደው የቡና ውድድር የተለቀመውን ናሙና በሻገተ ፍሬ ለውጦ ከረጢቱን የሞላው ጓንት አጥልቆ ነው። የራሱ ማሳ ቡናም ለውድድሩ ተመዝግቧል፤ ከማኅበሩ ቡና ጋር በቅንነት ቢፎካከር እንደማያሸንፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አሻራ እንደሚያጋልጥ ፊልም ላይ አይቷል። ፊልሙ ላይ ግን ጸሎት አልነበረም።

በእነሱ ማኅበር ናሙና ሳይጸለይበት መኪና አይሳፈርም። በማግስቱ አባላቱ የወረቀት ከረጢቱ ላይ እጃቸውን ጭነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሞጽም ጨፈነ። እጁን ግን ከወረቀቱ ከፍ አድርጎ አየር ላይ ያዘ። ፖሊስ ፈርቶ አይደለም። ሻጋታ ላይ እጅ ጭኖ አሜን ማለት ከበደው።

ሚዛን ከተማ ከረጢቱ ሲከፈት ጉዱ ወጣ። ናሙናውን በሚኒባስ ያደረሰችው ዓለምሸት "መንገድ ላይ ሸጠሽ ለወጥሽው" ተባለች። ጎረቤቷ አጸደ እንኳ ሰላምታ ነፈገቻት።

ከረጢቱ ከፖሊስ የአሻራ ምርመራ ሲመለስ ሳጅን ገሠሠ፣ አስቀድሞ አሻራቸውን የሰጡትን አባላት አዳራሽ ሰበሰበ። ከዓለምሸት አጠገብ የተቀመጠ የለም። ወረቀቱ በሐምራዊ የጣት አሻራ ተሸፍኖ፣ ቀይ ሥር ሲልጥ የዋለ ሰው ሁሉ የጨበጠው ይመስላል።

"ወረቀት ላብ ይጠጣል" አለ ሳጅኑ። "ኒንሃይድሪን የሚባል ኬሚካል ሲነካው የጠጣውን ያወጣል። ሁላችሁም አላችሁበት።"

"ጸልየንበት ነዋ!" አሉ አንድ ሽማግሌ። "በቅንድባችን ልንጸልይ ኖሯል?"

"እሺ አባቴ። የሌለበት አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ አሞጽ፣ እርስዎ ነጻ ነዎት፤ እንኳን ደስ አለዎት።"

ማንም ደስ አላለውም።

ዓለምሸት ቀስ ብላ ዞረች። "ጋሽ አሞጽ፣ ከረጢቱን የሞሉት እርስዎ አይደሉ? ስንጸልይም ከጎኔ ነበሩ። አሜንዎ ከሁላችንም ይጮህ ነበር። እጅዎ የት ነበር?"

አሞጽ እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። ሳጅኑ ነጻ ብሎታል፤ ዝም ቢል ያልፍለታል። ዓለምሸት ግን ሌባ እንደተባለች ልትቀር ነው።

"ከፍ ብሎ ነበር" አለ። "ውስጡ ያለውን አውቃለሁ። የለወጥኩት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ወደ እሱ ዞሩ። "እግዚአብሔርንስ ፈርተሃል" አሉ፤ "በአንድ እጅህ ብቻ ሆነ እንጂ።"

ሳጅኑ እስክሪብቶውን ሲፈልግ፣ አጸደ ወንበሯን አንስታ ወደ ዓለምሸት ተጠጋች።