ትንቢት የላከችው የጸሎት ርዕስ

ትንቢት የቤተ ክርስቲያኑን ቢሮ በር በእግሯ ነው የከፈተችው።

«ሲሞን! እስቲ ይሄን አንብብልኝ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ!»

ሲሞን የቤተ ክርስቲያኑን ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ዘማሪ ነው። ከስልኳ ላይ አነበበ፦ «ትንቢት ታረቀኝ፦ አባቴ አረቄ እንዲተው ጸልዩልኝ።» ፊቱ ዐመድ መሰለ።

የጸሎት ርዕስ የሚልክን ሰው ስም ማየት ያለባቸው ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። ለሌላው ምእመን የድረ ገጹ ማጣሪያ ስሙን ይሰርዝና «አንዲት እህት» ብሎ ይተካዋል። ትንቢትም ይህን ተማምና ነው የጻፈችው። ይኸው ዛሬ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያልጠቋቆመባት የለም። አባቷ ሳይሰሙ ስሟን ከገጹ ማጥፋት አለባት።

«ገጹ ይንቀረፈፋል እያላችሁ ስታማርሩ ካሽ የሚባል ጊዜያዊ ማከማቻ ጨመርኩበት» አለ ሲሞን። «ሰርቨሩ አንዴ የሠራውን ገጽ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ ይሰጣል።»

«የቱን ነው ያስቀመጠው? ከማጣሪያው በፊት ያለውን ነው ወይስ በኋላ ያለውን?»

ሲሞን አገጩን አከከ። «በኋላ... ጠዋት መጀመሪያ የከፈቱት ደግሞ ሽማግሌው ጋሽ በፍቃዱ ናቸው።»

«እሰይ! ለሽማግሌው የወጣውን ለዲላ ሕዝብ አደልክልኝ! አንተ ሰውዬ፣ ሻይ በቴርሞስ ስታስቀምጥ ስኳሩን በየብርጭቆው አይደል የምትጨምረው? የጋሽ በፍቃዱን አምስት ማንኪያ ቴርሞሱ ውስጥ ዘርግፈህ ስኳር በሽተኛውን ሁሉ አጠጣህ!»

«እሺ፣ ገባኝ፣ አትጩኺ!» ሲሞን ካሹን ከማጣሪያው በፊት አደረገው፤ የተቀመጠውንም ገጽ ደመሰሰ። ትንቢት ስልኳ ላይ እንደገና ከፈተችው። «አንዲት እህት» ይላል። ገና ተነፈስኩ ስትል አባቷ ገቡ፤ ከአሪቻ ቡና ማጠቢያ በቀጥታ ነው የመጡት፣ ቦቲያቸው ጭቃ እንደያዘ።

«ስሜን በአደባባይ አጠፋሽው የሚሉት እውነት ነው?»

ሲሞን ቀደማት። «የለም ጋሼ! የሰርቨሩ ስህተት ነው። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ የእሷን ስም ለጠፈበት።»

የአባቷ ግንባር ተፈታ። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ቀረብ ሲሉ አረቄ አረቄ የሚል ትንፋሻቸው መጣባት። በዚህ ጠዋት!

«አትዋሽልኝ ሲሞን! አባዬ፣ የሰርቨሩ ጥፋት ስሜን ማውጣቱ ነው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ነገም እጽፈዋለሁ።»

 አባቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ቦቲያቸው ላይ ተከሉ። ትንቢት እንደቆመች፣ መልስ ጠበቀች።