የሃይደር ቴፕ

«እኔ እኮ የሃይደርን ታክሲ ስጠብቅ ስንት ቀን ከሥራ አርፍጃለሁ!» አለች ከድንኳኑ በር አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ዕንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ባዶ ታክሲ ፊቴ ቆሞ ረዳቱ ‹ቦሌ! ቦሌ!› እያለ ሲለፈልፍ፣ ‹ሂዱ፣ አልገባም› ነው የምለው። ያንን ቴፕ ካልሰማሁ ቀኑ አይነጋልኝማ!»

«ኧረ እኛስ!» አሉ ከጎኗ ያሉት።

ዓብዱ ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጠ መሬት መሬቱን ያያል። ሟቹ ታናሽ ወንድሙ ነው። ጉበት ነው ተባለ፤ ሐኪሞቹ መርምረው ሳይጨርሱ አረፈ። ሴትየዋ ባዶ ያለችው ታክሲ የማን እንደሆነ ድንኳኑ ውስጥ ከዓብዱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የራሱ ነው።

ከቀብሩ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰም። ለቀስተኛው የወንድ ልጅ ጽናት ነው ብሎ አከበረለት። እሱ ግን ደረቱ ላይ የተቀመጠው ጽናት እንዳልሆነ ያውቃል። ቀና ሲል በቤቱ መስኮት በኩል ቴፑ ይታየዋል። ሃይደር ሌባ ፈርቶ ማታ ማታ በእጀታው ስቦ ከታክሲው እየነቀለ ወደ ቤት ያስገባው ነበር፤ አሁን ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ሁለቱም ሚኒባስ የገዙት መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ አገሩ ሁሉ ወደ ታክሲ ሥራ ሲገባ ነው። ሁለቱም ከመገናኛ ቦሌ ይጭኑ ነበር። ሃይደር መኪናው ላይ የነበረውን ሬዲዮ አውጥቶ ቴፕ አስገባ። ቆይቶ ስፒከሮቹን ለወጠ፣ ቆይቶ የድምፅ ማጉያ ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ተሳፋሪው እየመረጠ መጠበቅ ጀመረ። ዓብዱም ነገሩ ሲቆጨው መርካቶ ወርዶ ባለሱቁን «ከሁሉ የሚበልጠውን አምጣ» አለው። የጋን ክዳን የሚያካክሉ ስፒከሮች ገዝቶ ከመጨረሻው ወንበር ሥር አስገጠመ።

«ሹፌር!» አለው በማግስቱ አንድ ተሳፋሪ፣ መውረጃው ካለፈው በኋላ። «ወራጅ ስንልህ ካልሰማኸን፣ ማታ ቤትህ ወስደህ ራት ልታበላን ነው?»

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ያን ሰሞን ሃይደር ተራ ሲጠብቁ መጥቶ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ እሁድ እኔ ጋ ናልኝ። ከኋላ ተቀምጠህ ስማልኝና መጀመሪያ የኔን እናስተካክል፤ ከዚያ ያንተን።»

«አንተ ደግሞ ለኔ አስተማሪ ልትሆን?» ብሎ ዓብዱ መስታወቱን ዘጋበት።

እሁዱ ደርሶ በወንድሙ ሰፈር ሲያልፍ ግን የሃይደር ሚኒባስ ውስጥ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አየ። ኪዱ ነው፤ ኤርፖርት ጭነት ክፍል የሚሠራ፣ ቸርች ደግሞ ኦርጋን የሚጫወት ደንበኛ ተሳፋሪ። ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓብዱ የወንድሙ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ይኸው ኪዱ አሁንም ከድንኳኑ አልጠፋም። ወንበር ይደረድራል፣ ሰው ያስታጥባል። ከወሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ቀጥ ብለው ሄደው እሱን አቀፉ።

«አላህ ያጽናህ ልጄ። ወንድም እንደ ማጣት ምን አለ!»

ኪዱ ደንግጦ ወደ ዓብዱ ጠቆመ። «አባቴ፣ ወንድሙ እሱ ነው።»

«ውይ! ዓይንህ አብጦ ሳየው ጊዜ…» አሉ ሽማግሌው። ዓብዱ ደረቅ ዓይኑን ሰበረ።

ከዱዓው በኋላ የሟች ሚስት ኑራ ሁለቱንም ወደ ቤት ጠራቻቸው። ቴፑን ሳታይ በእጇ አሳየቻቸው።

«ይኼን ነገር ከፊቴ አንሡልኝ። ባየሁት ቁጥር ሃይደር አሁን ያስገባው እየመሰለኝ ተቸግሬያለሁ። ወይ አንተ፣ ወይ ኪዱ…»

«እኔ እወስደዋለሁ» አለ ዓብዱ፣ ኪዱ አፉን ሳይከፍት።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሰው ቀለል ሲል፣ ዓብዱ ሹልክ ብሎ የራሱን ሚኒባስ ወደ ገርጂ ነዳ። ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ አቁሞ መስታወቶቹን ዘጋና የወንድሙን ቴፕ ገጠመ። ሀዘን ላይ ዘፈን አይከፈትምና መንዙማ አስገባ። መኪናውን በቀስታ እየነዳ ድምፁን ጨመረ።

ያው የድሮው ነው። ባሱ ያጓራል፣ ድቤው ከመኪናው በር መንቀጫቀጭ ጋር ይደባለቃል፤ የሰውየው ድምፅ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ሲመለስ ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ኪዱ ከቅሬው፣ ከዕድሩ የተዋሱትን አግዳሚዎችና ድስቶች የሃይደር ሚኒባስ ላይ ሲጭን አገኘውና ወደ ጎን ሳበው።

«ምን አውጥታችሁበት ነው የሰጣችሁኝ?»

«ከምኑ?»

«ከቴፑ! ምን ቀንሳችሁበት ነው እኔ መኪና ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸው?»

ኪዱ ትንሽ አየው። «ምንም አልቀነስንም ጋሼ። ዕቃውን ላምበረት አድርሰን ስንመለስ ራስህ ትሰማለህ።»

«አንተ ልትነዳ? ማን አስተማረህ?»

«ሃይደር ነዋ። እሁድ እሁድ።»

ዕቃውን ቅሬው ቤት አራገፉ። ለመመለስ ሲነሡ ኪዱ የኋለኛውን በር ከፈተለት፤ ዓብዱም ሄዶ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከፊት፣ ቴፑ የነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኗል።

መንገዱ ኮረኮንች ነው። መኪናው ይዘላል፣ ያዘነብላል፤ ግን ድምፅ የለውም። በሩ አይጮኽም፤ ወንበሩ አይንቀጫቀጭም። ዓብዱ ጆሮውን አቀና።

«ምን አድርጎት ነው?»

«ከቴፑ በፊት መኪናውን ዝም አሰኘው» አለ ኪዱ። «አሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ይቆርጥና በየብሎኑ ሥር፣ በየበሩ ጠርዝ ይወትፋል። እኔ ከኋላ ሆኜ የሚጮኸውን አሳየዋለሁ። ስፒከሮቹማ ያንተን ግማሽ አያክሉም። ድምፁን የሚያበላሸው ቴፑ አይደለም፣ መኪናው ነው ይል ነበር።»

ዓብዱ ጎንበስ ብሎ የበሩን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ጥቁሩ ጎማ በምላጭ ተስተካክሎ፣ ልክ በልኩ ገብቷል።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ ኪዱ ከመንገዱ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ። «እሁድ እሁድ ቶሎ አይጀምርም ነበር። ቆሞ ወደ መንገዱ ያያል። ‹የዓብዱ ጆሮ ከኔም ካንተም ይበልጣል፤ ልጅ ሆነን የአባታችንን ካሚዮን ገና ሐይቅ ከተማ ሳይደርስ በድምፁ የሚለየው እሱ ነበር፤ ቢመጣ በአንድ ቀን እንጨርሰው ነበር› ይለኛል። ስትቀር ነው ‹በል ግባ› የሚለኝ። ይኼን ሲል ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

መኪናው አንድ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ከጆሮው አጠገብ ቀጭን ድምፅ ሰማ፤ ር-ር-ር። የመጨረሻው መስኮት መስታወት ነው።

«እሱ ብቻ ነው የቀረን» አለ ኪዱ። «ሊሠራው ሲል ነው የታመመው።»

መንገዱ ሲብስ ድምፁም ባሰ። ዓብዱ መዳፉን ዘርግቶ መስታወቱ ላይ አሳረፈ፤ ቀስ አድርጎ ጫን አለው። መስታወቱ ዝም አለ። ዕንባው አገጩ ላይ ደርሶ ሲንጠባጠብ በሌላው እጁ እንኳ አልጠረገውም። ኪዱ በኋላ ማሳያ መስታወቱ አየውና ፍጥነቱን ቀነሰ፤ መገናኛ ደርሰው እስኪቆሙ ዓብዱ መዳፉን አላነሣም።