የመስመሩ ጆሮ ጠቢ

አለቃችንን በሌሉበት «አቶ ምናልባት» ነው የምንላቸው። ሠላሳ ዓመት ኳንተም ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው «አዎ» እና «አይደለም» የሚባሉት ቃላት ከአፋቸው ጠፍተዋል። ሻይ ይጠጣሉ ወይ ብትሏቸው እንኳ መልሳቸው «ምናልባት» ነው። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው «ሰው እያዳመጠን ነው!» ሲሉ ሁላችንም ከወንበራችን ተነሣን።

ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው። ከቤተ ሙከራችን እስከ ሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል በቅርቡ በተዘረጋ ፋይበር ብርሃንን አንድ አንድ ቅንጣት እያደረግን እንልካለን። ከነዚያ ቅንጣቶች የምስጢር ቁልፍ ይወጣል፤ የሕመምተኞቹ መዝገብ የሚቆለፈው በዚያ ነው። ቅንጣቷ ዓይነ አፋር ናት። መንገድ ላይ ሰው ሰረቅ አድርጎ ካያት ትረበሻለች፣ መረበሿም እኛ ጋ ስሕተት ሆኖ ይቆጠራል። ከመቶ ሁለት ሦስቱ ቢሳሳት ደግ ነው፤ ከዐሥራ አንድ ካለፈ ግን ጆሮ ጠቢ አለ ብለን ቁልፉን እንጥላለን። ያን ሰሞን ዐሥራ አራት ገብተን ነበር።

«የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ሥራችንን ሊያዩ እንግዶች ይመጣሉ» አሉ አቶ ምናልባት። «እስከዚያ ካልጠራ፣ መስመሩ የሚያልፍባቸውን ምድር ቤቶች በሙሉ አስለቅቄ አስፈትሻለሁ።»

ሌባውን ማደን ለእኔ ተሰጠኝ። የስሕተቱን ሰዓት መዘገብኩ። ጠዋት ሁለት ተኩል ይጀምራል፣ ስድስት ላይ ያርፋል፣ ስምንት ላይ ይመለሳል፣ እሑድ ድርሽ አይልም። እንዲህ ሥርዓት ያለው ሌባ አይቼ አላውቅም። ቁጥሩን ወደ ድምፅ ቀይሬ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ግን ደርቄ ቀረሁ። ረጅም፣ ረጅም፣ ከዚያ ቁርጥ ቁርጥ፣ እንደገና ረጅም። የሱሪ ጎን ነው፤ ቀጥሎ ኪስ። በልጅነቴ እንቅልፍ የሚወስደኝ ያንን ድምፅ እየሰማሁ ነበር።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በአሮጌው የፖስታ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጧል። የስፌት መኪናው የብረት እግር ያረፈው ደግሞ የእኛ ፋይበር በሚያልፍበት ቱቦ ክዳን ላይ ነው። ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ቅንጣቶቼም ይደናበራሉ።

እራት ላይ ወሬ አነሣሁበት።

«አባዬ፣ ሥራ እንዴት ነው?»

«ሥራማ ሞልቷል። ያንቺስ? ያ የምትልኪው መብራት?»

«መብራት ሳይሆን ብርሃን።»

«ያው ነው። ዋናው ቆጣሪው እንዳይበዛብሽ።»

ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ለአለቃዬም አልተናገርኩም። ብናገር ከደረጃው ሥር ያስነሡታል፤ ከዚያች ጥግ ከተነቀለ ደግሞ አባቴ ሌላ ቦታ አይበቅልም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና «እያጣራሁ ነው» ስል ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር። ሻዬን ይዤ ስክሪኑ ፊት እቀመጥና ይኸው ኮት ጀመረ፣ ይኸው እጅጌው ጋ ደረሰ እላለሁ። ወደ መጨረሻው ሰሞን ቀስ ማለቱን አይቻለሁ። ሥራ ቀዝቅዞበት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። «ሞልቷል» ማለቱን ረስቼ።

ሐሙስ ደረሰ። እንግዶቹ ከኋላችን ቆመዋል፣ ቁጥሩ ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ላይ ይዋልላል፣ አቶ ምናልባት ላባቸውን ይጠርጋሉ። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ቁጥሩ ወርዶ ሁለት ላይ ተቀመጠ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

«ሌባው ተስፋ ቆረጠ!» አሉ አለቃዬ፣ ያለ አንዳች ምናልባት።

እኔ አላጨበጨብኩም። አባቴ በሥራ ቀን አራት ሰዓት ላይ አቁሞ አያውቅም። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ዐሥር ጠበቅኩ፤ ቁጥሩ ከሁለት ንቅንቅ አላለም። ፈራሁ። ለማንም ሳልናገር ወጥቼ ሦስት መንገድ በሩጫ አቋረጥኩና ደረጃውን ወረድኩ።

ተቀምጧል። ደህና ነው። የክር ጫፍ በጣቶቹ ይዞ የመኪናው መርፌ ላይ ጎንበስ ብሏል። ክሩን በምራቁ ያርሰዋል፣ ያሾለዋል፣ ቀዳዳውን ይስታል፣ እንደገና ያርሰዋል።

«ማነው?» አለ፣ እኔ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሜ ሳለሁ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«እንኳን መጣሽ። የልብስ ቁልፍ ሻጯ ጎረቤቴ ነበረች ክሩን የምታስገባልኝ። ዛሬ ቀረች፤ የትናንቱም ክር አለቀ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?»

«አያለሁ እንጂ! ጨርቁን በእጄ አውቀዋለሁ። ቀዳዳዋ ናት እየጠበበች የመጣችው።»

ተንበርክኬ ክሩን አስገባሁለት። በራሴ አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዷን ስፌቱን ስቆጥር ዓይኑን አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። ለካ ጆሮ ጠቢዋ እኔ ነበርኩ።

ፔዳሉን ረገጠ። ደቂቃ ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«የት ነሽ? ሌባው ተመልሶ መጣ!»

«ሌባ አይደለም፣ አባቴ ነው» አልኩ። «ልብስ ሰፊ ነው። ሳውቅ ነው የደበቅኩዎት።»

አቶ ምናልባት የመኪናው ድምፅ በስልኩ ሳይሰማቸው አልቀረም።

«ቦታቸውን ሳይለቁ መኪናው ብቻ ፈቀቅ ሊል ይችላል?» አሉኝ።

«ምናልባት» አልኳቸው።

መኪናው አንድ ክንድ ፈቀቅ አለ፣ ከእግሩ ሥርም ወፍራም ጎማ ገባ። አባቴ ሁለት ቀን አኮረፈ፣ ከዚያ ለመደው። ዓይን ሐኪም ዘንድ በግድ ወስጄው መነጽር ታዞለታል፤ ኪሱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። መስመሩ አሁን ጥርት ያለ ነው፣ ከመቶ ሁለት። ስክሪኑ ላይ አባቴ የለም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደረጃውን ወርጄ ክሩን አስገባለታለሁ።