ከተማችን አንድ የሆነች ዕለት

የእናቴና የአክስቴ በር ፊት ለፊት ነው። በቀድሞው ጊዜ ማለቴ ነው፤ ከተማችን አንድ ከመሆኗ በፊት።

አንድ ያደረጋት የአክስቴ ልጅ ነው። የከተማ ፕላን ባለሙያ ነው፤ "አካታች" እና "የተቀናጀ" ሳይል ውሎ አያድርም። ባቡሩ ዳሩን ከመሃሉ፣ ድሃውን ከሀብታሙ ያቀራርባል ብሎ መስመሩን በሰፈራችን መሃል አሳለፈው። ግራና ቀኙ በብረት ታጠረ። አሁን ከእናቴ ደጅ አክስቴ ደጅ ለመድረስ እስከ ጣቢያው ሄዶ፣ የድልድዩን ደረጃ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል መመለስ ነው። ሊፍትማ አለው። እንዳይቆሽሽ ተቆልፏል።

አክስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። የእናቴን የስኳር መርፌ የምትወጋት እሷ ናት፤ የእናቴ ዓይን ደክሟል፣ እኔ ደግሞ መርፌ ሳይ ላብ ያጠምቀኛል።

ባቡሩ በተመረቀ ዕለት አክስቴ በማለዳ በዚያ በታመመ ጉልበቷ መጥታ ወጋቻትና፣ "አሁኑኑ ብይ" ብላት ተመለሰች። እናቴ ግን የእህቷ ልጅ በባቡሩ ሲያልፍ እንዳያመልጣት ቁርሷን ትታ አጥሩ ሥር ቆመች። ፀሐዩ ከረረ፤ እንግዶቹ ዘገዩ። ድንገት ተንቀጠቀጠችና እግሬ ሥር ተዘረጋች።

መርፌውን ከቤት ይዤ ሮጥኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?

"አክስቴ! ልውጋት?" ብዬ ማዶ ደጇ ላይ ወደ ቆመችው ጮህኩ።

አክስቴ አፏን ስትከፍት ባቡሩ መሃላችን ገባ። እንግዶቹ የሰፈሩን ሕዝብ ፎቶ ያነሱ ዘንድ ቀስ አለ። የአክስቴ ልጅ በመስኮት እጁን አውለበለበልን። እኔ መርፌውን እናቴ ክንድ ላይ አስጠግቼ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መውጋት ግን አቃተኝ።

ባቡሩ አለፈ።

"አትውጋት! ስኳሯ ወርዶ ነው፤ ስኳር በውሃ ስጣት!"

በጥብጬ ሰጠኋት፤ ዓይኗን ገለጠች። ፈሪ ባልሆን ኖሮ እናቴን በእጄ ገድያት ነበር።

አክስቴ በዚያው ዕለት ልብሷን ጠቅልላ እኛ ዘንድ ገባች። አመሻሽ ላይ ልጇ እናቱን ፍለጋ ደረጃውን ወጥቶ ወርዶ፣ እያለከለከ መጣ።

"ምን ዓይነት ሥራ ነው? እዚህ ጋ መሻገሪያ የለም እንዴ?" አለ።

አክስቴ የታመመ ጉልበቷን እያሸች አየችው። እናቴ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

"ጠዋት አየሁህ እኮ፣ የኔ ልጅ" አለችው፣ ያኔ ራሷን ስታ እንዳልነበረች ሁሉ ፈገግ ብላ። "ቁርሴን እንኳ ሳልበላ ነው የጠበቅኩህ።"